የውጭ እጅ በአሮጌ ከተሞች፦ ከዋርሶ እስከ ስኮፕዬ የጉዞ ማስታወሻ

ሰኞ፣ ዋርሶ

በዚህ ማስታወሻ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀኖች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ወደዚህ የመጣሁት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በሶሻሊስት መንግሥታት ሥር የወደቁ አሮጌ ከተሞች እንዴት እንደ ተጠበቁ፣ በዚያም ሥራ ውስጥ የውጭ አገር ሰው፣ ሐሳብና ገንዘብ ምን ድርሻ እንደ ነበረው በቦታው ተገኝቼ ለማየት ነው። በደርግ ዘመን ላደገ ሰው ሶሻሊዝምና የውጭ ተጽዕኖ በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲነሡ ቀድማ የምትታሰበው ሞስኮ ናት። ሞስኮ በዚህ ታሪክ ውስጥ አለች፤ ብቻዋን ግን አይደለችም፣ በብዙ ቦታም ዋናዋ ባለጉዳይ አልነበረችም።

ሻንጣዬን ማረፊያዬ አስቀምጬ በቀጥታ ወደ አሮጌው ገበያ አደባባይ ሄድሁ። ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ልስን የለበሱ ጠበብ ያሉ ቤቶች ተያይዘው አደባባዩን ከአራቱም ወገን ከበውታል። ታሪኩን ያልሰማ መንገደኛ ቤቶቹ 300 ዓመት ሞልቷቸዋል ቢባል አይጠራጠርም። እውነቱ ግን እ.ኤ.አ. በ1944 የዋርሶ አመፅ ከተደመሰሰ በኋላ የጀርመን ጦር አሮጌውን ከተማ በእሳትና በፈንጂ ሆን ብሎ ያፈረሰው መሆኑ ነው፤ ከታሪካዊው ማዕከል ከ85 በመቶ በላይ ወድሟል። በየካቲት 1945 የዋና ከተማው መልሶ ግንባታ ቢሮ ተቋቋመ። በዚያው ዓመት በጥቅምት የወጣው ድንጋጌ የዋርሶን መሬት በሙሉ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ስላዛወረ፣ ዕቅድ አውጪዎቹ ከየቤቱ ባለቤትና ወራሽ ጋር ሳይከራከሩ ከተማውን እንደ አንድ ሥራ ሊይዙት ቻሉ። አደባባዩ ተጠናቆ የተመረቀው በሐምሌ 22 ቀን 1953፣ በሕዝባዊ ሪፐብሊኩ ብሔራዊ በዓል ቀን ነበር።

ሥራውን በሙያ የመሩት የአገሪቱ ዋና የቅርስ ጠባቂ አርክቴክት ያን ዛክቫቶቪች ነበሩ። ሰነድ ባይኖራቸው ኖሮ ሕልማቸው ሕልም ሆኖ በቀረ። በወረራው ዘመን የዋርሶ ፖሊቴክኒክ መምህራን የታሪካዊ ቤቶችን የልኬት ንድፎች ደብቀው ያቆዩ ሲሆን፣ አመፁ ከወደቀ በኋላ ከንድፎቹ የተወሰኑት በሬሳ ሣጥን ተደርገው ከከተማው ወጥተው በፒዮትርኩፍ ትሪቡናልስኪ በሚገኝ ገዳም ተሸሸጉ። የመልሶ ግንባታ ቢሮው መዝገብ በ2011 በዩኔስኮ የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ውስጥ መስፈሩ የሚገባው ነው።

የውጭውን እጅ የሚፈልግ ሰው በዚህ ከተማ መጀመሪያ የሚያገኘው ሩስያዊ መሐንዲስ ሳይሆን ቬኒስያዊ ሠዓሊ ነው። በርናርዶ ቤሎቶ፣ የአጎቱን የሙያ ስም ወርሶ በፖላንድ ካናሌቶ የሚባለው፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የንጉሥ ስታኒስዋቭ አውግስጦስ የቤተ መንግሥት ሠዓሊ ሆኖ የዋርሶን ጎዳናዎችና ቤተ መንግሥቶች በተከታታይ ሥዕሎች አስቀርቷል። ከጦርነቱ በኋላ እነዚህ ሥዕሎች እንደ ማስረጃ ተቆጥረው በርካታ የሕንፃ ፊቶች ከእነርሱ ተቀድተዋል። ቤሎቶ ግን የመሬት ቀያሽ አልነበረም፤ አንዳንዴ ለሥዕሉ ውበት ሲል ያየውን ያሻሽል ነበር። ስለዚህ በሠራተኛው መደብ ስም የታነጸችው ዋርሶ በከፊል አንድ ጣሊያናዊ ለንጉሥ ያሳመራት ዋርሶ ናት።

እዚህ ላይ ሁለት ወገኖች በተለያየ ምክንያት ተስማምተዋል። የቅርስ ባለሙያዎቹ 19ኛው ክፍለ ዘመን የቀጠላቸውን ፎቆችና በየጓሮው ያጨቃቸውን የኪራይ ክፍሎች እንደ ጥበብ ውድቀት ያዩአቸው ነበር፤ ፓርቲው ደግሞ የካፒታሊዝም ብዝበዛ ምልክት አድርጎ ቆጠራቸው። ሁለቱም መልሰው ሊሠሯቸው አልፈለጉም። ጓሮዎቹ ለብርሃንና ለአየር ተከፈቱ፣ በፊት ለፊቱ የ17ኛውና የ18ኛው ክፍለ ዘመን መልክ ተመለሰ፣ ከውስጥ ግን ለአዲስ ነዋሪዎች የታሰቡ የ1950ዎቹ አፓርትመንቶች ገቡ። ይህን ቅጂ ብሎ መጥራት ትክክል አይመስለኝም፤ ታሪኩን መርጦ የሠራ አዲስ ሰፈር ነው።

ሲመሽ በባርባካኑ፣ ማለትም በአሮጌው ቅጥር ክብ የምሽግ በር፣ በኩል ወጣሁ። በ1952 እና በ1954 መካከል እንደገና ሲገነባ ጡቡ የመጣው በኒሳና በቭሮትስዋቭ ከፈረሱ ታሪካዊ ሕንፃዎች ነው። ሁለቱም እስከ 1945 የጀርመን ከተሞች ነበሩ። አንዱን አሮጌ ከተማ ለማዳን ሌላው አሮጌ ከተማ ጡብ ገበረ፤ የዋርሶ ድንቅ ሲወራ ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ አይወራም።

ማክሰኞ፣ ዋርሶ

ጠዋት ወደ ቤተ መንግሥቱ አደባባይ ተመልሼ ከአሮጌው ከተማ ሥር በዋሻ የሚያልፈውን የምሥራቅ–ምዕራብ መንገድ አየሁ። በ1949 የተከፈተ ነው። ከአደባባዩ ወደ መንገዱ እንዲወርድ ያኔ የተተከለው ተንቀሳቃሽ ደረጃ የሶቪየት ሥሪት የነበረ ሲሆን በዋርሶ የመጀመሪያው እንደ ነበር ይነገራል። እግረኛው ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አደባባይ በሞስኮ ቴክኖሎጂ ወደ አውራ ጎዳናው ይወርድ ነበር። የዘመኑ መሪዎች ይህን አያይዘው ያቀዱት ይመስላል፤ አሮጌው ውበቱን ይዞ ከላይ ይቀመጣል፣ አዲሱ ኃይሉን ይዞ ከታች ያልፋል።

የሞስኮ እጅ ጎልቶ የሚታየው ግን ከመሐል ከተማው በላይ በተገተረው የባህልና የሳይንስ ቤተ መንግሥት ላይ ነው። የሶቪየት ኅብረት «ስጦታ» ተብሎ በ1955 የተጠናቀቀ ሲሆን ዋናው አርክቴክት ሌቭ ሩድኔቭ ነበሩ። የእነ ሩድኔቭ ቡድን ከንድፉ በፊት ክራኮቭን፣ ዛሞሽችንና ሌሎች አሮጌ የፖላንድ ከተሞችን እየዞረ ጌጦችን አጥንቷል፤ በሕንፃው ጫፍና ጫፍ የሚታዩት የጣሪያ ዘውዶች ከዚያ የተወሰዱ ናቸው። «በይዘቱ ሶሻሊስታዊ፣ በቅርጹ ብሔራዊ» የሚለው የስታሊን ዘመን መርሕ የታሪካዊ ከተሞችን ጥናት ጠቃሚ አደረገው፤ የፖላንድ ቅርስ ባለሙያዎችም ይህን መርሕ በሚያስፈልጋቸው ጊዜ እየጠቀሱ ለአሮጌው ከተማ ገንዘብና ሲሚንቶ ያገኙበት ነበር። መፈክሩን ያመኑበት ይሁን ወይም የተጠቀሙበት ብቻ፣ ውጤቱ ቆሞ ይታያል።

የመርሑ ወሰን ደግሞ በንጉሡ ግንብ ላይ ታይቷል። የገበያው አደባባይ በ1953 ሲያልቅ የንጉሡ ግንብ ግን ባዶ ቦታ ሆኖ ቆየ፤ ለመገንባት የተወሰነው በ1971፣ የፓርቲው መሪ ጊዬሬክ ወደ ሥልጣን ከመጣ በኋላ ነው። ወጪው ከአገር ውስጥና በውጭ ከሚኖሩ ፖላንዳውያን መዋጮ ተሸፈነ፣ ለጎብኚ የተከፈተውም በ1984 ነበር። የቤሎቶ ሥዕሎች ዛሬ በዚሁ ግንብ አንድ ክፍል ተሰቅለዋል። እዚያ ረጅም ጊዜ ቆየሁ። አንዲት አስጎብኚ ተማሪዎቿን ከሥዕሉ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ሥዕሉ እያመላለሰች ልዩነቱን እንዲፈልጉ ታዝዛቸው ነበር፤ ልጆቹ ከእኔ ይልቅ ቶሎ አገኙት።

ከሰዓት በኋላ ያሰብሁበት ጉዳይ የቬኒስ ቻርተር ነው። በግንቦት 1964 በቬኒስ የተሰበሰቡ አርክቴክቶችና ባለሙያዎች ያወጡት ይህ ሰነድ የዘመናችን የቅርስ ጥበቃ መሠረት ሆኖ ይቆጠራል። ከአርቃቂዎቹ መካከል ጣሊያናዊው ፒየሮ ጋዞላና ቤልጅጋዊው ሬይሞን ለሜር ይጠቀሳሉ፤ ነገር ግን ዛክቫቶቪችም ነበሩበት፣ ከዩጎዝላቪያ ደግሞ ጁርጄ ቦሽኮቪች ነበሩ። ቻርተሩ እድሳት ግምት በሚጀምርበት ቦታ መቆም አለበት ይላል፣ በ15ኛው አንቀጽም በቁፋሮ ቦታዎች ላይ መልሶ ግንባታን ከወዲሁ ይከለክላል። አንድን ከተማ ሙሉ በሙሉ መልሰው የገነቡት ሰው በዚህ ሰነድ ላይ እንዴት ፈረሙ የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል። እኔ ተቃርኖው ያን ያህል አይታየኝም። ዛክቫቶቪች ዋርሶን እንደ ምሳሌ አላቀረቧትም፤ ሕዝብን ከነታሪኩ ለማጥፋት የተደረገ ሙከራ የወለደው ልዩ ጉዳይ አድርገው ነው የተከራከሩላት። ዩኔስኮም ከክርክር በኋላ በ1980 አሮጌውን ከተማ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የተመዘገበው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ቤት ሳይሆን የ20ኛው ክፍለ ዘመን መልሶ ግንባታ ነው።

ረቡዕ፣ ክራኮቭ

ባቡሩ ከዋርሶ ተነሥቶ ከቀትር በፊት ክራኮቭ ገባ። ክራኮቭ በጦርነቱ አልፈረሰችም፤ ስለዚህ ጥያቄዋ ሌላ ነው፦ ያልወደቀውን ከእርጅና፣ ከቸልታና ከጭስ እንዴት ማዳን ይቻላል?

ወደ ቫቬል ኮረብታ የወጣሁት ከነገሥታቱ መቃብር ይልቅ ለአንድ ስብሰባ ብዬ ነው። ዓለም አቀፉ የሐውልቶችና የታሪካዊ ቦታዎች ምክር ቤት፣ በአጭሩ ኢኮሞስ፣ በሰኔ 1965 በዋርሶና በክራኮቭ በተካሄደ ጉባኤ ተመሠረተ። የዓለም ቅርስ እጩዎችን ለዩኔስኮ የሚመረምረው ድርጅት በቀዝቃዛው ጦርነት መካከል፣ በሶቪየት መሪነት በቆመው የጦር ኪዳን፣ በዋርሶ ስምምነት፣ አባል አገር ውስጥ ተወለደ ማለት ነው። ጋዞላ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት፣ ለሜር ዋና ጸሐፊ ሆኑ፤ አስተናጋጁን ወገን በግንባር ቀደምነት የመሩት የዋርሶው ብሔራዊ ሙዚየም ዳይሬክተር ስታኒስዋቭ ሎሬንትስ ነበሩ። ፖላንድ የተመረጠችው ለጨዋነት ብቻ አልነበረም። ምዕራባውያኑ በወረቀት የሚከራከሩባቸውን ችግሮች ፖላንዳውያኑ በሺህ በሚቆጠሩ ሠራተኞች በግንብ ላይ ፈትነዋቸው ነበር። ከዚያም ኢኮሞስ ጉባኤዎቹን በ1972 በቡዳፔስት፣ በ1978 በሞስኮና በሱዝዳል፣ በ1984 በሮስቶክና በድሬስደን አድርጓል። ለምሥራቁ ባለሙያ ይህ ወደ ውጭ የሚከፈት በር ነበር፤ ከባለሥልጣኑ ጋር ሲከራከር «ዓለም አቀፍ ደረጃው ይህን ይጠይቃል» የሚልበት ቃልም አገኘ። የውጭው ተጽዕኖ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ አገሬው ባለሙያ በራሱ መንግሥት ፊት ጋሻ አድርጎ ያነሣው ነበር።

የገበያው አደባባይ ላይ ተቀምጬ ቡና ሳዝዝ የ1978ን ዝርዝር ማሰቤ አልቀረም። በዚያ ዓመት በዋሽንግተን የተሰበሰበው ኮሚቴ የመጀመሪያዎቹን 12 የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ የክራኮቭ ታሪካዊ ማዕከልና የቬሊችካ የጨው ማዕድን ገቡ፤ ከእነርሱ ጋር የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ተመዘገቡ። ከ12ቱ አራቱ ራሳቸውን ሶሻሊስት ብለው በሚጠሩ ሁለት መንግሥታት እጅ ነበሩ፤ የመዘገባቸው ስብሰባ ደግሞ በአሜሪካ ዋና ከተማ። በዚያው ጊዜ ዋርሶም አዲስ አበባም በየመፈክሩ ኢምፔሪያሊዝምን ያወግዙ ነበር፤ የቅርስ መዝገቡን ግን ማንም አልገፋውም።

ሐሙስ፣ ክራኮቭና ኖቫ ሁታ

በትራም ወደ ኖቫ ሁታ ሄድሁ። በ1949 መገንባት የጀመረው ይህ የብረት ፋብሪካ ከተማ ሰፋፊ ጎዳናዎቹ የሶቪየትን ዘመን መርሕ፣ የአደባባዩ ዙሪያ ቅስቶቹ ደግሞ የህዳሴውን ዘመን አሠራር ያስታውሳሉ፤ አጠቃላይ መልኩ ከጠበቅሁት በላይ ያምራል። ጉዳቱ ግን በነፋስ ተጓዘ። የፋብሪካው ጭስና በአቅራቢያው ባለችው ስካቪና የነበረው የአሉሚኒየም ፋብሪካ ጋዝ የክራኮቭን የድንጋይ ቅርጾች በሉ፤ ለብዙ መቶ ዓመታት የቆየ ምስል በሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ ፊቱ ጠፋ። የስካቪናው ምርት በ1981 ተዘጋ።

ዓለም ክራኮቭን በቅርስነት ካወቃት በኋላ ዝምታው ከባድ ሆነ። የከተማው ሊቀ ጳጳስ ካሮል ቮይቲዋ በጥቅምት 1978 የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ሆነው ሲመረጡ የውጭ ጋዜጠኛ ሁሉ ዓይኑን ወደዚህች ከተማ አዞረ። በታኅሣሥ ወር የክራኮቭን ቅርሶች የሚያድስ ማኅበራዊ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ በ1985 ደግሞ የብሔራዊ እድሳት ፈንድ በሕግ ተመሠረተ። ከዩኔስኮ የመጣው ገንዘብ አይደለም፣ ስም ነው፤ ገንዘቡን ያወጣው አገሩ ነው። ስም ገንዘብን ሊጎትት እንደሚችል ለማመን ከክራኮቭ የተሻለ ምስክር አላውቅም።

ዓርብ፣ በመንገድ ላይ

በስሎቫኪያ ተራሮች በኩል ወደ ቡዳፔስት የሚሄደው አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ወሰደ። መልክዓ ምድሩን እያየሁ ስለ አንድ የፖላንድ መንግሥት ድርጅት አሰብሁ። በፖላንድኛ ምኅጻሩ ፔካዜት የሚባለው የቅርስ እድሳት ድርጅት በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሲቋቋም ሥራው የአገር ውስጥ ፍርስራሽ ነበር። ከዚያ ግን አናጺውን፣ ግንበኛውን፣ የድንጋይ ጠራቢውንና የግድግዳ ሥዕል ባለሙያውን በአንድ ጣሪያ ሥር ስለያዘ፣ ፖላንድ ወደ ውጭ የምትልከው ዕውቀት ሆነ። ድርጅቱ በታሊን አሮጌ ከተማ ሠርቷል። ታሊን በ1966 የአሮጌ ከተማ ጥበቃ ክልል በማወጅ ከሶቪየት ከተሞች ቀዳሚ ስትሆን፣ የ1980ው የሞስኮ ኦሊምፒክ የጀልባ ውድድር እዚያ መካሄዱ ብዙ ግድግዳ አስቀብቷል። ፖላንዳውያን በግብፅ የሐትሼፕሱትን ቤተ መቅደስ በማደስ ተሳትፈዋል። በቬትናም ደግሞ አርክቴክት ካዚሚዬሽ ክቪያትኮቭስኪ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምረው በሚ ሰን ፍርስራሾችና በሆይ አን ሠርተው በ1997 በሁዌ ከተማ ሞቱ፤ ሆይ አን ሐውልት አቁማላቸዋለች። ስለዚህ በሶሻሊስቱ ዓለም «የውጭ ተጽዕኖ» ሲባል ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ወይም ከሞስኮ ወደ ሌላው ብቻ የሚፈስ አልነበረም። ለሆይ አን ሰው የውጭው እጅ ፖላንዳዊ ነበር።

ቅዳሜ፣ ቡዳፔስት

የቡዳ ግንብ ሰፈር በ1944 እና በ1945 ከበባ ክፉኛ ተጎዳ። ሃንጋሪያውያን ግን የዋርሶን መንገድ አልተከተሉም። ከባለሙያዎቻቸው አንዳንዶቹ በሁለቱ ጦርነቶች መካከል በሮም ተምረው ነበር፤ ከጣሊያን ያመጡት ትምህርት የጠፋውን አስመስሎ ከመሥራት ይልቅ የተገኘውን ማሳየት፣ አዲስ የሚጨመረውንም አዲስ መሆኑ እንዲታወቅ ማድረግ የሚል ነበር። በዑሪ ጎዳና እየሄድሁ በየቤቱ መግቢያ ውስጥ አንገቴን አስገባሁ። ቦምቡ የባሮክ ዘመኑን፣ ማለትም የ17ኛውና የ18ኛው ክፍለ ዘመኑን፣ ልስን ሲያረግፈው ከሥሩ በግድግዳው ውስጥ የተቦረቦሩ የመካከለኛው ዘመን ጎቲክ መቀመጫዎች ብቅ ብለዋል፤ ባለሙያዎቹም መልሰው አልሸፈኗቸውም። በተራ ቤት ደጃፍ፣ ከቆሻሻ መጣያና ከብስክሌት አጠገብ፣ የመካከለኛው ዘመን ቅስት ይታያል። ፈጽሞ ያልዳኑ ቤቶች በቆሙበት ቦታ ደግሞ የ1950ዎቹና የ60ዎቹ ቤቶች ገብተዋል፤ ቁመታቸውን ከጎረቤቶቻቸው ጋር ያስተካከሉ፣ መስኮታቸው ግን የራሳቸው ዘመን ነው። ከጉዞዬ ሁሉ በመርሕ ደረጃ ይበልጥ የወደድሁት ይህን ሰፈር ነው።

የሃንጋሪ ዕቅድ አውጪዎች ወደ ውጭም ሄደዋል፤ አንዱ መንገድ ወደ እኛ ያደርሳል። አርክቴክት ካሮይ ፖሎኒ በጋናና በናይጄሪያ ከሠሩ በኋላ በደርግ ዘመን ለአዲስ አበባ ፕላን አዘጋጅተዋል፣ ዛሬ መስቀል አደባባይ የምንለውን የያኔውን አብዮት አደባባይም በግማሽ ክብ መድረክ መልክ ነድፈዋል። ለሰልፍ የታሰበው እርከን ዛሬ ለደመራም ለጠዋት ሯጮችም ያገለግላል።

እሑድ፣ ቡዳፔስት

ዛሬ የሂልተን ሆቴልን አየሁ። በ1972 የኢኮሞስ ጉባኤ እዚሁ ከተማ ተሰብስቦ ዘመናዊ ሕንፃ በአሮጌ ሰፈር ውስጥ እንዴት ይግባ በሚለው ጉዳይ ላይ ውሳኔ አሳለፈ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በ1976 እና በ1977 መጋጠሚያ፣ የአሜሪካ የሆቴል ስም የያዘ ሕንፃ በግንቡ ሰፈር እምብርት ተከፈተ። አርክቴክቱ ቤላ ፒንቴር የ13ኛውን ክፍለ ዘመን የዶሚኒካን ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽና የኢየሱሳውያንን ኮሌጅ የፊት ግድግዳ በአዲሱ ሕንፃ ውስጥ አስገብተዋል፤ በጨለመው መስታወቱ ላይም የዓሣ አጥማጆች ግንብ ነጸብራቅ ይታያል። ብዙዎች እንደ ድፍረት ያዩታል። ሥራው ብልሃት አለው፤ ፍርስራሾቹ በእርግጥም ተጠብቀዋል፣ በመተላለፊያዎቹ ውስጥ ሲሄዱ ይታያሉ። ይሁን እንጂ እዚህ ሆቴል እንዲቆም የወሰነው የጣሊያን የእድሳት ትምህርት አይመስለኝም፤ የውጭ ምንዛሪ ነው። በክራኮቭ ጋሻ ነው ያልሁት የውጭ ተጽዕኖ ዛሬ የሂሳብ መዝገብ ሆኖ አገኘሁት።

ከቡዳው ቤተ መንግሥት አጠገብ ግን ሌላ ድምፅ ይሰማል፤ የግንባታ ድምፅ። ከጦርነቱ በኋላ የሶሻሊስቱ መንግሥት የ19ኛውንና የ20ኛውን መባቻ ጌጥ ትቶ የመካከለኛውን ዘመን ምሽግ ቆፍሮ አውጥቶ ነበር። በ2019 የተጀመረው፣ በዚያ መባቻ ቤተ መንግሥቱን በነደፈው አርክቴክት የተሰየመው የመንግሥት የሃውስማን ፕሮግራም አሁን ያንኑ የተተወውን ጌጥ ከፎቶግራፍና ከንድፍ እየመለሰ ነው። የሃንጋሪ ባለሙያዎች ለ40 ዓመት ያስከበሩት መርሕ በደጃቸው ተገለበጠ። ዋርሶ ከፍርስራሽ ላይ የሠራችውን ቡዳፔስት ከቆመ የሙያ ታሪክ ላይ እየሠራችው ነው፤ ሁለቱን አንድ ናቸው ለማለት እቸገራለሁ።

ሰኞ፣ ሾፕሮን

ሾፕሮን በኦስትሪያ ድንበር ላይ ናት። ቀኑ ዝናባማ ስለ ነበር ዋናውን አደባባይ፣ የእሳት ማማውንና የሮማውያንን ቅጥር ቅሪት በፍጥነት ዞርሁ። እዚህ የመጣሁበት ምክንያት አንድ ሜዳልያ ነው፦ በ1975፣ ምዕራብ አውሮፓ የሥነ ሕንፃ ቅርስ ዓመት ብሎ በሰየመው ዓመት፣ መቀመጫው በሃምቡርግ የሆነ ተቋም የአውሮፓን የቅርስ ጥበቃ የወርቅ ሜዳልያ ለዚህች የዋርሶ ስምምነት አገር ከተማ ሰጠ። ድንበሩ በሽቦ በታጠረበት ጊዜ ሽልማቱ ተሻገረ። በሙዚየሙ ያገኘኋቸው አዛውንት ዘብ ስለ ሜዳልያው ስጠይቃቸው ፈገግ ብለው ዛሬ ከኦስትሪያ የሚመጣው አብዛኛው ሰው አደባባዩን የሚያየው ከጥርስ ሐኪም ሲወጣ እንደ ሆነ ነገሩኝ።

ረቡዕ፣ ስኮፕዬ

በቤልግሬድ አድሬ ያኔ የዩጎዝላቪያ ከተማ፣ ዛሬ የሰሜን መቄዶንያ ዋና ከተማ ወደሆነችው ስኮፕዬ ገባሁ። በሐምሌ 26 ቀን 1963 ማለዳ በእኛ ሰዓት አቆጣጠር 11 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ላይ የመታት የመሬት መንቀጥቀጥ ከ1,000 በላይ ሰው ገደለ፣ አብዛኛውን ከተማ አፈረሰ። የአሮጌው ባቡር ጣቢያ ሰዓት በዚያች ደቂቃ እንደ ቆመ አለ። ዩጎዝላቪያ ከሁለቱም ጎራ ያልወገነች አገር ስለ ነበረች እርዳታው ከሁለቱም ወገን መጣ፤ የመልሶ ግንባታውንም ዕቅድ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ያዘው።

የዕቅዱ ሥራ መሪ ሆነው የተመረጡት ፖላንዳዊው አዶልፍ ቺቦሮቭስኪ ከዚያ በፊት የዋርሶ ዋና አርክቴክት ነበሩ። ጠቅላላውን ፕላን የፖላንዱ የመንግሥት ድርጅት ፖልሰርቪስ ከአቴንሱ የዶክሲያዲስ ድርጅት ጋር አዘጋጀው፤ ለመሐል ከተማው በ1965 በተካሄደው ውድድር ጃፓናዊው ኬንዞ ታንጌ ቀዳሚውን ድርሻ አገኙ፣ የዛግሬብ ቡድን ደግሞ ሁለተኛውን። ከላይ ከካሌ ምሽግ ኮረብታ የሚታየው የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የፖላንድ መንግሥት ስጦታ ሲሆን ንድፉም የሦስት ፖላንዳውያን አርክቴክቶች ነው። ዋርሶ ከተቀበለችው ስጦታ ይልቅ የሰጠችው ያምራል፤ ቀላል፣ ዝቅ ያለ፣ ለኮረብታው የሚገዛ ሕንፃ ነው።

ሐሙስ፣ ስኮፕዬ

ቀኑን ሙሉ በአሮጌው ቻርሺያ፣ በኦቶማን ዘመኑ ገበያ፣ ዋልሁ። ከቫርዳር ወንዝ በድንጋዩ ድልድይ ተሻግሮ የሚገባበት ይህ ሰፈር ጠባብ መንገዶቹን፣ በ1492 የተሠራውን የሙስጠፋ ፓሻ መስጊድን፣ ከ1948 ጀምሮ የሥዕል ቤት የሆነውን የዳውት ፓሻ ሐማም (የሕዝብ መታጠቢያ ቤት) እና ጉልላቶች ያሉትን የነጋዴ ማደሪያ ኩርሹምሊ ሃንን ይዟል። ለአዲሲቱ የሶሻሊስት ሪፐብሊክ የኦቶማን ዘመን የሚኮሩበት ታሪክ አልነበረም፤ መንቀጥቀጡም የተሰነጠቀውን ሁሉ ጠርጎ ለማንሣት በቂ ሰበብ ይሆን ነበር። ዕቅዱ ግን ቻርሺያውን እንደ አንድ ሙሉ አካል እንዲጠበቅ አደረገ፤ የፈረሱ ሃኖች ተጠገኑ፣ ሱሊ ሃንም ከፍርስራሽ ተነሥቶ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባበት። የመቄዶንያ የቅርስ ባለሙያዎች የቻርሺያውን ዋጋ ከማንም በፊት ያውቁ ነበር፤ የተባበሩት መንግሥታት ማኅተም ያረፈበት ሰነድ ግን ለቃላቸው ክብደት ሰጠው። በቫቬል ያየሁት ነገር እዚህ ተደግሟል።

ከወንዙ ማዶ ያለው ታሪክ ሌላ ነው። በ2010 ይፋ የሆነው «ስኮፕዬ 2014» የተባለ የመንግሥት ፕሮጀክት ከመንቀጥቀጡ በኋላ የተሠሩ ሕንፃዎችን በአዲስ የግሪክና የባሮክ መሰል ፊት ሸፈናቸው፤ ዓለም በጋራ የገነባውን የ1960ዎቹን ኮንክሪት ብሔራዊ አይደለም ብሎ ያሰበ ሰው ያደረገው ነው። ከቡዳፔስቱ ጋር ሲነጻጸር ይህ ይብሳል፤ እዚያ ቢያንስ የሚመለሰው ነገር ቀድሞ ነበር።

ሲመሽ አንድ ጫማ ሠሪ ሱቅ ገብቼ ተቀመጥሁ። ሰውየው ሥራውን ከአባቱ ወርሷል፤ አባቱም ሱቁ ከመንቀጥቀጡ በፊት የት እንደ ነበር ያሳየው ነበር። ሱቁን ያተረፈለትን ጥበቃ ያመሰግናል፤ ቅሬታው ከመንቀጥቀጡ በኋላ በተሠራው ፕላን ቻርሺያውን ከቢት ፓዛር ገበያ የለየው ሰፊ ጎዳና ነው። አትክልት ሊገዛ የመጣ ሰው ድሮ እግረ መንገዱን ጫማውን ያስጠግን ነበር፤ አሁን መኪናውን ፈርቶ ከማዶ ይመለሳል አለኝ። ቤቶቹን ያዳነውና ደንበኛውን ያራቀው አንድ ፕላን መሆኑን ስነግረው አላስገረመውም፤ መርፌውን ሳይጥል ንድፉን የሠሩት ሰዎች እዚህ ጫማ አሠርተው እንደ ሆነ ጠየቀኝ።